ባነሩን ተዉት፤ ጀሪካኑን እዩ

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ግንፍሌን ትሻገራላችሁ። እዚያው አካባቢ፣ ወደ ውስጥ ገባ ባለ ሰፈር፣ ከጥቂት ክረምቶች በፊት ገንዘብ አዋጥተን ትልቅ ባነር አሠራን። «ጽዳት የጤና መሠረት ነው! አካባቢያችንን በጋራ እንጠብቅ!» ይላል። ግንብ ላይ ሰቀልነው፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወደየቤታችን ገባን።

በሁለተኛው ሳምንት ባነሩ ጠፋ። ፈልገን ያገኘነው ጉሊት ላይ ነው። ቲማቲምና ጎመን የሚሸጡ እናት አራት እንጨት ተክለው ከላይ ወጥረውታል። ልንቆጣ ሄድን። ገና አፋችንን ሳንከፍት «ተባረኩ ልጆቼ፣ ጠብ አያደርግም» አሉን።

እውነቱን ለመናገር ባነሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የጠቀመው ያን ቀን ነው። ስለ አካባቢና ስለ ጤና ለሰፈር ሰው እንዴት እንደሚነገር መማር የጀመርነውም ከዚያ በኋላ ነው። ከታች ያለው አሠራር እየወደቅን እየተነሣን የደረስንበት ነው። ለእድርም፣ ለወጣቶች ቡድንም፣ «እኔስ ለሰፈሬ ምን ላድርግ» ለሚል አንድ ሰውም ይሆናል።

1. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

የእኛ የመጀመሪያ ስህተት ሁሉን በአንድ ቀን መናገራችን ነበር። ስለ ወንዙ አወራን። ስለ ፌስታል አወራን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ኮሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ስለቀጠፈው ቆሻሻ አወራን። ከሰልና ሽንት ቤትም አልቀሩንም። ሰዉ በትዕግሥት ሰማን። «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብሎ ሄደ። በነጋታው ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

የምትመርጡት ጉዳይ ሰሚው ዛሬ ማታ በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችል ይሁን። የወንዙን ነገር ተመልከቱ። ግንፍሌ ቀበና ውስጥ ይገባል። ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፣ ከዚያም አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ። ታች አቃቂ በዚያው ውሃ በመስኖ የለማ ሰላጣና ጎመን ተጭኖ ወደ እኛ ገበያ ይመለሳል። ከላይ የለቀቅነውን ከታች ገዝተን እንበላለን ማለት ነው። ጉዳዩ ትልቅ ነው፣ መነገርም አለበት። ግን አንዲት እናት ዛሬ ማታ ቀበናን ማጽዳት አትችልም። ጀሪካኗን ማጠብ ግን ትችላለች።

ስለዚህ እኛ «ቤት ውስጥ የተቀመጠ ውሃ» የሚለውን መረጥን። እናንተ ሌላ ልትመርጡ ትችላላችሁ። ብቻ አንድ ይሁን።

ጊዜውንም አስቡበት። ግንቦት ጥሩ ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ጎርፉ ግቢ ከገባ ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማችሁም፤ ሁሉም ውሃ ሊጨልፍ ነው የሚሮጠው።

2. ፎርም ሳትይዙ ዙሩ

ይህ የእኛ ከተማ ልዩ ጉዳይ ነው። ፒያሳን፣ አራት ኪሎንና ካዛንቺስን የኮሪደር ልማት ከነካቸው ወዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ቤት ሊለካ የመጣ ነው የሚመስለው። እኛን አንድ አባት «ስንት ቀን ነው የሰጣችሁን?» ብለው ጠይቀውናል። እስክንረጋጋና እስክናስረዳቸው ሻይ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ሁለት ሁኑ፤ አንዷ የሰፈሩ ሰው የሚያውቃት ሴት ብትሆን ይመረጣል። ያያችሁትን ወጥታችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

አጠያየቃችሁም ወሳኝ ነው። «እጃችሁን ትታጠባላችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ያው «እንዴታ!» ነው። ይሉኝታ አለ። እንግዳ ፊት ማን «አይ፣ አልታጠብም» ይላል? ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ትላንት ውሃ መጣ? በስንት ሰዓት? ማን ነቅቶ ቀዳ? በምን? ሽንት ቤቱን ከማን ጋር ነው የምትጋሩት? ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚያድረው?

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ «እስቲ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጡኝ» ማለት ነው። ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩ። እኛ በአንድ ቤት ያየነውን ልንገራችሁ። ልጅቷ ከባልዲው ላይ ክዳኑን አነሣች። ኩባያውን አጠለቀችው። ከኩባያው ጋር አራት ጣቶቿም እስከ አንጓቸው ገቡ። እነዚያ ጣቶች ከአንድ ደቂቃ በፊት የሕፃን ሽንት ጨርቅ ሲያጥፉ ነበር። ውሃው ከቧንቧ ሲወጣ ንጹህ ሊሆን ይችላል፤ የተበከለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። (ብርጭቆውን መጠጣታችሁ ግን አይቀርም። ይሉኝታ ለእኛም አለብን።)

በዚህ ዙር የሰማነው ሁሉ ባነሩ ላይ ያልነበረ ነገር ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ። ሰው በእንቅልፍ ልቡ ነው የሚቀዳው። ቢጫው የዘይት ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፣ ውስጡ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር አብቅሏል። የጋራ ሽንት ቤቱ ቁልፍ አንድ ቤት ነው የሚያድረው፣ ያ ቤት ከተዘጋ ልጆች ቦዩ ላይ ይቀመጣሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ ጽዳት አላወቁም ማለት አይቻልም። ያጡት ቁልፍ ነው።

3. እውነታውን አጥርታችሁ ያዙ

ተሳስታችሁ ከተናገራችሁ ሁለተኛ ዕድል የለም። የወረዳችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኝታችሁ ልትናገሩ ያሰባችሁትን በሙሉ አሰሟት። ሰፈሩን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማት ያጣችው ደግሞ ራሷ ናት።

እኛ ስለ ውሃ የያዝነው ይህን ነበር።

የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ ቱቦው ውስጥ ግፊት አይኖርም። ቱቦው ስንጥቅ ካለው፣ በአጠገቡም ፍሳሽ ካለ፣ ቆሻሻው በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ሲመለስ ያንን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደውን ለወለል ወይም ለሽንት ቤት ያዙት፣ ከጠራ በኋላ ለመጠጥ ቅዱ።

ማፍላት ጥሩ ነው። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው እየተንተከተከ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው የሚመከረው። «ፈላ» ብሎ ወዲያው ማውረድ አይበቃም።

ከሰልና ጋዝ ለተወደደበት ቤት ውሃ አጋር ወይም ሌላ የማከሚያ ክሎሪን ይሻላል። መጠኑ ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ብቻ ተከተሉ። ከጨመራችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ በንጹህ ነጠላ አጥልሉት፤ ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል። በረኪና ግን ለመጠጥ ውሃ በግምት አትጨምሩ። ጥንካሬው ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ይለያያል። ለጀሪካን ማጠቢያ ያገለግላል።

ጀሪካኑ እንዲህ ይታጠባል። እፍኝ የታጠበ ጠጠር፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሩብ ያህል ውሃ ጨምሩ። ክዳኑን ግጠሙና በደንብ ናጡት። ቅቤ የናጠ ሰው ያውቀዋል። ድፉት፣ አለቅልቁት፣ ትንሽ በረኪና ባለው ውሃ ደግሞ አጥባችሁ እንደገና አለቅልቁት። የመጀመሪያውን እጣቢ ነጭ ሳህን ላይ ድፉትና ለሁሉም አሳዩ። ከዚያ ሳህን በላይ የሚናገር ፖስተር አላየሁም።

ተቅማጥና ትውከት ለጀመረው ሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን፣ ማለትም ኦአርኤስ፣ ወዲያው ማጠጣት ነው። ፓኬቱ ቤት ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሁሉ ልሙጥ ይሁን። እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሰገራው የሩዝ እጣቢ ከመሰለ «እስኪነጋ» አይባልም። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር 8335 ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በር ላይ መለጠፍ ጥሩ ነው። ወረቀት ለመለጠፍ የምፈቅደው ለዚህ ብቻ ነው።

4. ስሙን ጥሩት

በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በሽታው ሲገባ በየቦታው የተጻፈው «አተት» ነበር፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ሰው ለመደው፣ ቀለደበትም። የእኔ አክስት «ያው ተቅማጥ ነው፣ ስሙን ነው ያሳመሩት» ትል ነበር። ተቅማጥ ደግሞ ሁላችንም ይዞን ያውቃል፣ በተልባና በሩዝ ያልፋል። እኔ እስከ ዛሬ የማምነው የለሰለሰ ስም ሰውን ያዘናጋል ብዬ ነው። የጤና ባለሙያው ኮሌራ ነው ካለ ኮሌራ በሉት። ካላለ ግን ከራሳችሁ አትጨምሩ።

ማስፈራራት ብቻ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። በ2006 እና በ2007 ምዕራብ አፍሪካ ላይ ኢቦላ ሲነሣ መጀመሪያ ላይ የተነገረው «ኢቦላ ይገድላል፣ መድኃኒት የለውም» የሚል ነበር። ሰሚው እንዲህ አሰበ፦ መድኃኒት ከሌለው ለምን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ? ብዙው ቤቱ ቀረ፤ ቤተሰቡ እያስታመመ አብሮ ተያዘ። ቆይተው መልእክቱን ቀየሩት፣ ቶሎ ከመጣችሁ የመዳን ዕድላችሁ ይጨምራል አሉ። ለኮሌራ ይህ ይበልጥ ይሠራል። ሳይታከም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ቶሎ ከታከመ ግን ከ100 ታማሚ 1 እንኳ መሞት የለበትም። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አትነጣጥሏቸው።

ነውርም እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አንድ ቤት ከታመመ «የቆሻሾች ቤት» ይባላል፣ ቀጣዩ ቤት ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። ተህዋሲያኑ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አይታይባቸውም፣ ግን ከ1 እስከ 10 ቀን ከሰገራቸው ጋር ይወጣል። ስለዚህ ማን ከማን እንደያዘው የሚያውቅ የለም። ይህንን በግልጽ ተናገሩ፣ ጣት መቀሳሰሩ ይቀንሳል።

5. ተናጋሪውን ፈልጉ፤ ምናልባት እናንተ አይደላችሁም

እኔ ስናገር ሰው ይሰማኛል። ጉሊቷ እናት ሲናገሩ ደግሞ ሰው ያደርገዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እሳቸው በየቀኑ ከ11 ሰዓት በኋላ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ያገኛሉ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተጣላ ያውቃሉ። ቲማቲሙን ሲመዝኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል ቢያደርጉ ይበቃል።

የእድር ዳኛውን አትዝለሏቸው። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሁለት ደቂቃ ከሰጧችሁ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ደቂቃ ስል ሁለት ደቂቃ ነው።

የጸበል ነገር በጥንቃቄ ይያዝ። ብዙ ሰው ከእንጦጦ ጸበል በጀሪካንና በሃይላንድ ይዞ ይወርዳል። «ጸበል አትጠጡ» ያለ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ የሚሰማው የለም፤ እንዲህ ብሎ መናገርም ተገቢ አይደለም። እኛ የሰፈሩን የንስሐ አባት ሄደን አማከርናቸው። «ዕቃው ንጹህ ይሁን፣ በአንድ ኩባያ አትቀባበሉ» ብለው እሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። ኢማሙም ከጁምዓ በኋላ ስለ ውዱእ ውሃ ማስቀመጫ አነሡ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ስለ ንጽሕና የሚሉት አላቸው፣ እኛ ልናስተምራቸው አያስፈልግም።

6. ቡናው ላይ

ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። ግን ሰዓቱን ዕወቁበት። ቡናው ሲቆላ አትናገሩ፤ ሁሉም ጭሱን እያሸተተ ወግ ይዟል። አቦል ሲቀዳም ገና ነው። አቦል ተጠጥቶ ስኒው ሲሰበሰብና ጀበናው ለቶና ሲጣድ፣ ያን ጊዜ ነው። ሰው ዘና ብሏል፣ ገና ደግሞ አይሄድም። በረካን አትጠብቁ፤ ግማሹ ይነሣል።

መስኮቱን ክፈቱ! ስለ ጤና ልንናገር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን መቀመጣችን እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታቱ ሲመጣ «ዛሬ ቡናው ከበደኝ» ይባላል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ይግባ፣ በሩም ገርበብ ይበል። ይህ ሁለተኛ ርእስ እንዳይሆንባችሁ በቃል አትናገሩት፤ ሄዳችሁ መስኮቱን ብቻ ክፈቱት።

ከዚያ ንግግር አታድርጉ። አሳዩ። እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ንጹህ ውሃ በብርጭቆ ይመጣል። «ማን ይጠጣል?» እንላለን፣ ሁሉም እጁን ይዘረጋል። አንድ ቀጭን ሰንበሌጥ ወስደን ደጁ ላይ ቦዩን እናስነካና ብርጭቆው ውስጥ እናማስላለን። ውሃው መልኩ አልተለወጠም፣ ያው ጥርት ያለ ነው። «አሁንስ?» እንላለን። አንድም እጅ አይዘረጋም። ሳቅም ይኖራል፣ «ኡፍፍ» የሚልም አለ። ከዚያ «ዝንብ ስንት እግር አላት?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ቀድመው «ስድስት!» ይላሉ። ሌላውን ሰዉ ራሱ ይጨርሰዋል። (ብርጭቆውን እዚያው ደፍታችሁ በበረኪና እጠቡት፤ አንድ ጊዜ ረስተነው ልንጋለጥ ነበር።)

በመጨረሻም «ገባችሁ?» አትበሉ። «አዎ» ነው የሚባለው። ይልቅ ወደ አንዷ ዞር ብላችሁ «እስቲ ዛሬ ላልመጣችው ጎረቤትሽ እንዴት ትነግሪያታለሽ?» በሏት። ስትናገር ምን እንደተዛባ ትሰማላችሁ። አንድ ቀን «ውሃ አጋሩን ጀበናው ውስጥ ጠብ ማድረግ» ብላ የነገረችን አለች። ጥፋቱ የእኛ ነበር፣ ቡናው ላይ ሆነን ስናሳይ ከጀበናው ጎን ነበር ያስቀመጥነው።

7. ቴሌግራም

አጭር ነው ምክሬ። የእድሩ ግሩፕ ላይ ረጅም ጽሑፍ አትለጥፉ። የ40 ሰከንድ የድምፅ መልእክት፣ በሚታወቅ ሰው ድምፅ። በ2012 ኮሮና ሲገባ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው የት እንደደረሰ የምታስታውሱ ሰዎች የወሬን ፍጥነት ታውቃላችሁ። ወሬ ከመጣ ያመጣውን ሰው ግሩፑ ላይ አታሳፍሩት። በውስጥ መስመር ደውሉለት፣ እርማቱን ራሱ ይለጥፍ።

8. ሰው አትቁጠሩ፤ ክዳን ቁጠሩ

«60 ሰው ተገኝቷል» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ዙር ድገሙ፣ ያንኑ ብርጭቆ ውሃ ጠይቁ። ባልዲው ክዳን አለው? ኩባያው እጀታ አለው? ወይስ ጣት አሁንም ይጠልቃል? እኛ ዙሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንደግም ብዙም ለውጥ አላየንም። ጠጋ ብለን ስንጠይቅ ሰዉ ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ የለውም። ከእድሩ አዋጥተን ገዛን። ከዚያ በኋላ ነው ጣቱ ከውሃው የወጣው።

9. ሰዉ ያልቻለውን ወደሚችለው ውሰዱት

አንዳንዱ ነገር በምክር አይፈታም። የፈረቃው ሰዓት፣ የሞላው ሽንት ቤት፣ የፈነዳው መስመር። ይህን ሰዉ ላይ አትጫኑ። ደብዳቤ ጻፉ፤ የእድሩ ማኅተም ይኑርበት። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ፎቶ፣ ቀን። ሁለተኛ ኮፒው ላይ አስፈርማችሁ ያዙ። መልስ ካልመጣ በሳምንቱ ያንኑ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። ለእኛ የሽንት ቤት መጣጩ መኪና የመጣው በአራተኛው ጉዞ ነው።

የጽዳት ዘመቻ ቀንንም ተጠቀሙበት። ሩዋንዳ ውስጥ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ኡሙጋንዳ የሚሉት አላቸው፤ ጠዋት ሁሉም ይሠራል፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ቁጭ ብለው ስለ ሰፈራቸው ይነጋገራሉ። እኛ ጠርገን መጥረጊያችንን ይዘን ነው የምንበተነው። ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ጉዳይ የተፈታው በእንደዚህ ያለ ቀን ነው፤ በአምስት መቶ ብር አራት ቅጂ ተቀረጸና በአራት ቤት ተከፋፈለ።

ባነሩን ደግሞ አልመለስነውም። ባለፈው ግንቦት ወፍራም ማርከር ይዘን ጉሊት ሄድን። ደንበኛ ጎንበስ ሲል ቀና ብሎ በሚያየው በውስጠኛው በኩል አንድ መስመር ልንጽፍ አስፈቀድን። «ቲማቲምና ሰላጣ በታከመ ውሃ ይታጠብ» የሚል ነበር ያሰብነው። እናቲቱ አስነበቡንና አሰብ አደረጉ። «ሰላጣ እኔ አልሸጥም» አሉ። «እሱን አውጡና፣ 'ጎመን ቀቅሉ' በሉ።»